በዲሽ የመጣው ግማሽ ድልድይ

ጎረቤቴ ተስፋው ዲሽ ገጣሚ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጣራ ላይ የቆመ ሰው ካያችሁ ወይ እሱ ነው ወይ የቆርቆሮ ሌባ። «ውረድ!» ብላችሁ ብትጮኹ ቶሎ የሚወርደው ሌባው ነው፤ ተስፋው አንዴ ከወጣ የሰፈሩን ወሬ ከላይ ሆኖ ቃርሞ ካልጨረሰ አይወርድም። ባለፈው ሳምንት የእኔን ዲሽ ነፋስ አዙሮት ሊያስተካክል ሲወጣ፣ ከታች መሰላሉን ይዤ እንደ ልማዴ ጠየቅሁት።

«ያ ቻናል አልመጣም?»

«የትኛው፣ እትዬ እንቁ?»

«የትምህርቱ ነዋ! ድልድይ የሚሠሩበት።»

«አሁንም ድልድይ?» ሳቁ ከሱ ቀድሞ ወረደ። «ቻናሉማ አለ። ስሙንም አልቀየረ። ቆይ ላሳይሽ።»

ወርዶ ገባና ከፈተልኝ። ሁለት እህትማማቾች የሠርግ ልብስ እንደለበሱ ፀጉር ለፀጉር ተያይዘዋል፤ ካሜራው አንዴ የአንዷን፣ አንዴ የሌላዋን እንባ ይለቅማል። «ከዚህ ቀጥሎ ደግሞ ኬክ ጋግረው የሚላቀሱ አሉ» አለኝ።

«ድልድዩስ?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ እኔ ሳልወለድ የቀረ ነገር ነው!»

እውነቱን ነው። እሱ ሳይወለድ ነው የቀረው። ሊወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት።

ዘመኑ ዘጠና ሦስት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ። ኋላም ከአሥረኛ አላለፍሁም፤ ስለዚህ የማወራውን የግንባታ ነገር መሐንዲስ ፊት እንዳትደግሙት። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ፣ ዋዝላ የሚባል ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ዋዝላ አስመሳይ ነው። በበጋ ዶሮ እግሯን ሳታርስ ትሻገረዋለች፤ በሐምሌ በሬ ከነቀንበሩ ይወስዳል። ወዲያ ማዶ የእነ አያ ቸኮለ መንደር አለ። የዘር ግንዳቸው ከአዊ ነው፤ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ሲያወሩ እኛን የሚያሙን እየመሰለን ጆሯችን ይቆማል። ሲጠሩን ግን በአማርኛ ነው።

እናቴ ንግሥቴ የሁለቱም ማዶ አዋላጅ ነበረች። የወዲያ ማዶም የወዲህ ማዶም ልጅ መጀመሪያ ያረፈው እሷ እጅ ላይ ነው። ከዘጠና ሦስት በፊት በነበረው ሐምሌ የአያ ቸኮለን ምራት ያምሮትን ምጥ ያዛት። ጠዋት ነበር። ዋዝላ ሞልቶ፣ ቀልቶ ይገለባበጣል። አያ ቸኮለ ከወዲያ ማዶ እጃቸውን እንደ ቀንደ መለከት አፋቸው ላይ አድርገው ይጣራሉ፤ እናቴ ከወዲህ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትመልሳለች።

«በጎኗ ያስተኟት!»

«ምን?»

«በጎኗ! በጎኗ!»

ግማሹን ቃል ውሃው ይወስደዋል። እኔ የእናቴን ነጠላ ይዤ ቆሜ፣ ማን ጮኾ ውሃውን እንደሚያሸንፍ የሚወዳደሩ መስሎኝ እናቴን በሆዴ «በርቺ» እላታለሁ። ወደ ቀትር ገደማ ከወዲያ ማዶ ጥሪው ቀረ። እናቴ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ አሸነፉሽ እንዴ?» አልኋት።

«ውሃው አሸነፈኝ፣ ልጄ።»

እኔ ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ ተነሽ እያልሁ ጎተትኋት። ሕፃኑ እንዳልተረፈ ማንም አልነገረኝም፤ ለልጅ አይነገርም። ያን ቀን ደግሜ ያየሁትና የገባኝ ራሴ ስወልድ ነው።

አዲሱ ዓመት እንደገባ ያምሮት እንደገና አረገዘች። የምትደርሰው ነሐሴ ላይ ነው፣ ዋዝላ ሰው በማይሰማበት ወር። እናቷ ቤት ሄዳ እንዳትወልድ እናት የላትም። እናቴ «ወዲህ ትምጣና እኔ ዘንድ ትክረም» ብትል፣ አያ ቸኮለ «ምራቴ ቤት እንደሌላት በሰው ቤት አትወልድም!» ብለው ግትር አሉ። በቀበሌ ስብሰባ ድልድይ ሲጠየቅ «በዕቅድ ተይዟል» ይባላል። ዕቅዱ በየዓመቱ ይመጣል፣ ዋዝላ ዳር ይደርሳል፣ መሻገር ያቅተውና ይመለሳል።

እንግዲህ ዲሹ የመጣው ይህን ጊዜ ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ እትዬ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ሻይ ቤት ያላቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ዲሽ አምጥቶ ጣራቸው ላይ ተከለላቸው። አባቴ፣ ደረሰ የሚባለው፣ መጀመሪያ ሲያየው «የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ግን በጎኑ ገጥመውባቸዋል» ብሎ አዘነላቸው ይባላል። እሱ እስከ ዛሬ ይክዳል። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን የገጠሩ ሰው ሁሉ አህያውን በር ላይ እያሰረ ይገባል፤ እኔም ከአባቴ ጉልበት ሥር እቀመጣለሁ። የሚከፈተው የትምህርቱ ቻናል ነው። ንብ እንዴት ንግሥቷን እንደምታሳድግ አየን። ላም ስትታመም ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ አየን። መምህር ባምላኩ፣ የከተማው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ በቀርከሃ ዘንግ እያመለከቱ ይተረጉሙልናል።

አንድ ሰሞን የድንጋይ ድልድይ መጣ።

በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ ነው የሚያሳዩት። መጀመሪያ ከግራና ከቀኝ መሠረቱን። ቀጥሎ መሐሉ ላይ፣ ከእንጨት የተሠራና በእግሮች የቆመ ጎባጣ ነገር፤ እኛ «ኮርቻው» አልነው። ድንጋዩ ከሁለቱም ዳር በኮርቻው ላይ እየተደረደረ ይወጣል። «ኮርቻው ድንጋዩን ይሸከማል» አሉ መምህር ባምላኩ፣ «ድንጋዮቹ አናት ላይ ሲገናኙ ግን ራሳቸውን ይሸከማሉ፤ ያኔ ኮርቻው ይወጣል።»

አባቴና አያ ቸኮለ ተያዩ። ሁለቱም ድንጋይ አዋቂ ናቸው፤ የአካባቢው እርከንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የእጃቸው ሥራ ነው። አብረው ወጡ። በማግሥቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ደቦ ተጠራ። ቅዳሜ የታየውን እስከ ዓርብ ይሠሩታል፤ ቅዳሜ ደግሞ የቀጣዩን ሊያዩ ይሄዳሉ። የእኛ ሰዎች ከወዲህ፣ የእነ አያ ቸኮለ ከወዲያ ማዶ። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ኮርቻው ከባሕር ዛፍ ተሠርቶ የወንዙ አሸዋ ላይ ቆመ፣ ድንጋዩ ከሁለት በኩል መውጣት ጀመረ። ያምሮት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ኮርቻው ጥላ ሥር ታርፋለች። ሆዷ ገፍቷል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። ድንጋዮቹ አናት ላይ እንዴት እንደሚገናኙ፣ ኮርቻውም እንዴት እንደሚወጣ የሚታይበት ቀን ነው። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ።

ድልድይ የለም። አንድ ትልቅ ቤት ነው፤ ውስጡ ወንዶችም ሴቶችም ተሰብስበው ይንጫጫሉ። አንዱ ተኝቷል። አንዱ ጥርሱን ይፍቃል። አንዲት ፀጉረ ቀይ ሴት ታለቅሳለች። ከወገብ በታች የለበሱትን ያዩት እትዬ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አንስተው የቴሌቪዥኑን ግማሽ ጋረዱት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎቹን ከወገብ በላይ ብቻ ነው የምናውቃቸው።

«ድልድዩ የታለ?» አሉ አያ ቸኮለ።

መምህር ባምላኩ ጥቂት አዳመጡና ዘንጋቸውን አወረዱ። «ይሄ ሌላ ዝግጅት ነው። ሰዎቹን ቤት ዘግተውባቸው ያዩዋቸዋል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ድምፅ ተሰጥቶበት ይባረራል። መጨረሻ የቀረው ይሸለማል።»

«ምን ሠርቶ?»

«ምንም ሳይሠራ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «መምህር» አሉ አያ ቸኮለ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እንግሊዝኛዎ እስከ ድልድዩ ነበር ማለት ነው!»

እኔም አመንሁ። የመምህሩ እንግሊዝኛ እንደ ባትሪ ያለቀ መሰለኝ። ደግሞስ ለማንም ግልጽ አይደለም እንዴ? በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ግንበኞች ሥራው እስኪያልቅ በአንድ ጎጆ ይከርማሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እነዚህም ድልድዩን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ተጣልተዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ደቦ ላይ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ መሣሪያ አያነሳም፤ ቂም የገባበት ግንብ አይቆምም ይባላል። ስለዚህ ሥራ አቁመው ቤት ተቀምጠዋል። ሲታረቁ ወደ ድልድዩ ይመለሳሉ።

ነገሩ ሁሉ ገጠመ። በየተራ እየገቡ ብቻቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለማይታይ ሰው እያለቀሱ የሚናገሩበት ክፍል ነበር። «ንስሐ እየገቡ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «የነፍስ አባታቸው ለምን አይታዩም?» «ንስሐ እኮ ነው፣ እንዴት ይታያሉ!» ጥሩ ምልክት ነው ተባለ። መላጣውን የግንበኞች አለቃ አልነው። ገላውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ «ኖራ አቃጥሎት ነው» ብለን አዘንንለት።

አሁን ተስፋው እንደሚነግረኝ ይህን ዓይነቱን ሪያሊቲ ሾው ይሉታል። ሰው ከትምህርቱ ይልቅ ጠቡን እንደሚያይ የቻናሉ ባለቤቶች ቆጥረው ደረሱበትና፣ ድልድዩን መሐሉ ላይ ትተውት ሄዱ። አልተሳሳቱም፤ የእትዬ ወለተ ኢየሱስ ሻይ ቤትም የከተማ ጎረምሳ ሞላው። እኔ ራሴ ድልድዩን ከምወደው ይልቅ ፀጉረ ቀይዋን ወድጄያት ነበር። ግን ድልድይ መሐሉ ላይ ሲተው ከሥሩ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ፣ ዋዝላ የሚባል ወንዝ እንዳለ፣ እነሱ ከየት ይወቁት?

በዚያው ሳምንት እኛም ተጣላን። የወዲህ ማዶ ድንጋይ ከወዲያኛው ቀድሞ ወጣ፤ ኮርቻው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አያ ቸኮለ ከወንዙ ውስጥ ቀና ብለው አዩና ጮኹ።

«እኩል ይውጣ አልተባለም? የእናንተ ወገን ሩጫ ነው የያዘው!»

«እናንተ ተኝታችሁ ነው እንጂ እኛ አልሮጥንም» አለ አባቴ።

«ቸኮለ የተባልሁት እኔ፣ የምትቸኩለው አንተ!»

እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚባባሉት። «አንተ» የምትለዋ ቃል ስትወድቅ መዶሻው ሁሉ ዝም አለ። አባቴ መፈልፈያውን መሬት ላይ አኖረ። አያ ቸኮለም አኖሩ። ከሁለቱም ማዶ ሰው ሁሉ መሣሪያውን እያኖረ ወደየቤቱ ሄደ። ድንጋዮቹ አናት ላይ ሊገናኙ የቀራቸው እኔ ተጋድሜ ብተኛበት የምሞላው ክፍተት ነው።

ሽማግሌ ተላከ፤ ሁለቱም «እሱ ይቅደም» አሉ። ግንቦት ገባ። ከቡሬ በኩል ደመናው መጥቆር ጀመረ። እናቴ ማታ ማታ አፋፉ ላይ ቆማ ኮርቻውን ታያለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አባቴም አያ ቸኮለም ከሻይ ቤቱ አይቀሩም። አንዱ ከአግዳሚው ወንበር ወዲህ ጫፍ፣ አንዱ ወዲያ ጫፍ ተቀምጠው፣ መሐላቸው የከተማ ጎረምሳ አስቀምጠው፣ የፈረንጅ ጠብ ያያሉ። እኔ በልቤ «እነዚያ ይታረቁልን እንጂ ድልድያችን ያልቃል» እላለሁ። የማን ጠብ የማንን ሥራ እንዳቆመ ተደባልቆብኝ ነበር።

ሌላም ነገር ተደባልቆብኛል። መምህር ባምላኩ አንድ ቀን «ካሜራው ተደብቋል፤ የሚያያቸውን አያዩትም» አሉ። ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። እኛ እነሱን የምናይ ከሆነ እነሱስ እኛን የማያዩበት ምክንያት ምንድን ነው? የጀመርነውን ድልድይ ቤታቸው ተቀምጠው እያዩ መሆን አለበት! ከዚያ ወዲያ ወንዝ ስወርድ ፊቴን ታጥቤ ነው። ግራሩ ላይ የምታርፍ አንዲት ጭላት ነበረች፤ ካሜራው እሷ ናት ብዬ ሳልፍ እጅ እነሳታለሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ከቤቱ የሚባረረው ሰው ተጠራ። ከቤቱ ነዋሪዎች በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ነው። እሱ ነበር ወጡን የሚሠራላቸው፣ ሳህኑን የሚያጥብላቸው፣ ፀጉረ ቀይዋ ስታለቅስ ውሃ የሚያቀብላት። ሻንጣውን ይዞ ቆመ። ሌሎቹ እያቀፉት ያለቅሳሉ፤ ድምፅ የሰጡበት ግን እነሱው ናቸው።

አያ ቸኮለ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ይሄማ ግፍ ነው! የሚሠራውን አስወጥተው አፍ ያለውን ያስቀራሉ?»

«እውነትዎን ነው፣ አያ ቸኮለ» አለ አባቴ ከወዲህ ጫፍ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ያለ እሱ አንድ ሳምንት አይቆዩም።»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ጎረምሶቹ እንኳ ዞሩ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዙ ቆመዋል።

«ተነጋገራችሁ!»

«ስለ ሰውዬው ነው እንጂ…» አለ አባቴ።

«'እውነትዎን' ብለሃል! ቤቱ ሙሉ ሰምቷል። በሉ ተነሱ፤ ትከሻ! ካልተሳሳማችሁ ይሄን ሣጥን አጥፍቼ ሁላችሁንም ነው የማባርራችሁ!»

ተነሱ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አያ ቸኮለ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ለሽማግሌው ነው» አሉ።

ሻይ ተቀዳ። «እንግዲህ እነዚያ የሚታረቁ አይመስሉም» አሉ አያ ቸኮለ። አባቴም «ቢታረቁስ ወጥ ማን ይሠራላቸዋል?» አለ። ይህን ጊዜ መምህር ባምላኩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ጢስ ዓባይ የድሮ የድንጋይ ድልድይ አለ። ያለቀ።»

«ያለቀ?»

«ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የቆመ።»

«አንቱ መምህር! ይህን እያወቁ ነው ስንት ቅዳሜ የሰው ጠብ ሲያስቆጥሩን የኖሩት?»

«እኔማ ልናገር ስል» አሉ መምህሩ፣ «እንግሊዝኛዎ አልቋል አላችሁኝ። አማርኛዬም ያለቀ መስሎኝ ዝም አልሁ።»

ሦስቱም ሰኞ በጭነት መኪና ሄዱ። እኔ ያን የተባረረውን ሽማግሌ ሊያመጡት የሄዱ መሰለኝ። ከቤቱ ወጥቷል፣ ሥራ ፈቷል፣ ድልድይ ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እናቴን «መደብ ላይ ነው የምናስተኛው?» ስላት «ማንን?» አለችኝ፣ ትኩሳት ያለብኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ሲመለሱ ሽማግሌው የለም። የሦስቱም ልብስ ጀርባ ጭቃና የድንጋይ ሽበት ተለጥፎበታል። እንደገና የተደባደቡ መስሎኝ ደነገጥሁ። ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድልድዩ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ከታች ሲያዩ ውለው ነው። ፏፏቴ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ፎቶ አንስተዋቸዋል።

«ፏፏቴው ታዲያ እንዴት ነው?» አለች እናቴ።

አባቴና አያ ቸኮለ ተያዩ። «የምን ፏፏቴ?»

ይኸውላችሁ፤ ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደው ፏፏቴውን ሳያዩ የተመለሱ ሰዎች ልጅ ነኝ። እኮራበታለሁ።

አናት ላይ የምትገባዋን ድንጋይ ግን አዩ፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለች። ኮርቻውን አቀኑ፣ የተረፈውን ክፍተት ከሁለት ወገን እኩል እየደረደሩ ዘጉት፣ ያቺን ድንጋይ ጠርበው በእንጨት መዶሻ መሐል ላይ ቀበቀቡ። የኖራው ጭቃ እስኪጠጥር ተጠበቀ። አንድ ነገር ቀረ፤ ኮርቻው እንዴት ይወጣል? ይህን የጢስ ዓባይ ድልድይ አልነገራቸውም። እሱ ኮርቻውን ያወለቀው ድሮ ነው። አንዱ «በገመድ እንጎትተው» አለ፣ ሌላው «እግሩን በመጥረቢያ እንበለው» አለ። አያ ቸኮለ «አንዱ እግር ቀድሞ ከወጣ ሁሉም በአናታችን ይወርዳል» አሉ። ዋዝላ ደግሞ መደፍረስ ጀምሯል፤ በላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው።

እናቴ ከአፋፉ ወረደች። በኮርቻው እግሮች መሐል ዞረች፤ ተንበርክካ እግሮቹ የቆሙበትን አሸዋ በእጇ ዳሰሰች።

«ለምን ትጎትቱታላችሁ?» አለች። «ጊዜው የደረሰ ነገር አይጎተትም። ከሥሩ አሸዋውን በትንሽ በትንሹ አውጡለት፤ ሁላችሁም እኩል። ራሱ ይወርዳል።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልሳቀም፤ ግማሾቹ እሷ እጅ ላይ የተወለዱ ናቸው።

በየእግሩ ሥር አንድ አንድ ሰው ጣሳ ይዞ ተቀመጠ። አባቴና አያ ቸኮለ መሐለኛዎቹን ያዙ። እናቴ ድልድዩ ፊት ለፊት፣ እግሯን ውሃው ውስጥ አድርጋ ቆመች። እኔ የጥምቀት ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነው የመጣሁት፤ ፈረንጆቹ እያዩን ነውና። ጭላቷም ግራሩ ላይ አለች።

«አሁን» አለች እናቴ። አንድ አንድ ጣሳ አሸዋ ወጣ። «ቆዩ።» አዳመጠች። «አሁን። ቆዩ። አንተ፣ አትቸኩል! እ… አሁን።» ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሴቶች ሲወልዱ ከበር ውጭ የምሰማው ድምፅ ነው። ኮርቻው አንድ ጣት ወረደ። ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኗል። «አሁን።» ድንጋዩ ተንቋቋ፣ ትልቅ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ እንደሚለው ዓይነት ቃተተ፣ ትንሽ ኖራ ረገፈ። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ ብቻ አልጨፈነችም።

«በቃ» አለች። «ለቆታል። ውጡ።»

በኮርቻውና በድንጋዩ መሐል ብርሃን ይታይ ነበር።

እልልታው ሲቀልጥ እኔ ለጭላቷ ፈገግ አልሁላት። ያን ቀን ከእኛ በቀር ማንም አላየንም። የቀረጸን የለም፣ ድምፅ የሰጠልን የለም። ይህን ስረዳ ትልቅ ልጅ ሆኜ ነበር፤ ትንሽ ከፋኝ። አሁን ሳስበው ግን ዓለም ሁሉ እያየን ቢሆን ኖሮ እናቴ ከዚያ የተለየ አንድ ነገር ታደርግ ነበር? አታደርግም።

ድልድዩን ማን ቀድሞ ይሻገር በሚለው ሌላ ጠብ ሊነሳ ነበር። አባቴ ከወዲህ፣ አያ ቸኮለ ከወዲያ ጫፍ ቆሙ። «አንቱ ይቅደሙ።» «ኧረ በፍጹም፣ አንቱ!» «በሞቴ!» «ማርያምን አላደርገውም!» ሲባባሉ የእኛ ፍየል መሐላቸው ገብታ ተሻገረች። የዋዝላን ድልድይ የመረቀችው እሷ ናት።

ከጥቂት ዓመት በፊት አባቴን «ፈረንጆቹን ግንበኛ ናቸው ብላችሁ ስንት ቅዳሜ ተሞኛችሁ» እያልሁ አበሸቅሁት። «ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አውቄያለሁ» አለኝ። «ግንበኛ በእጁ ይታወቃል። የእነዚያ እጅ ቅቤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትሄድ ነበር?»

«አያ ቸኮለ ይመጡ የለ? ሌላ የት አገኛቸዋለሁ?»

ይህን ለእናቴ ብነግራት ሳቀች። አያ ቸኮለም ሳይሞቱ ይህንኑ ነግረዋት ነበር፤ «ገና ሲጀመር ገብቶኛል፤ ደረሰ እየጠበቁኝ እንዴት ቤቴ እቀመጣለሁ?» ብለው። ሁለቱም አውቀው፣ ሁለቱም ለሌላው ሲሉ ሞኝ ሆነው፣ ያንን ሁሉ ጠብ አብረው አዩ። በሙሉ ልቧ የተሞኘችው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ነሐሴ ገባ። ዋዝላ ደርሶ አፋፉን ይልሳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መሬቱን ሲደበድብ፣ ከወዲያ ማዶ አያ ቸኮለ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ታዩ። ምን እንዳሉ አልሰማንም። መስማትም አላስፈለገንም። እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ ምላጯንና ክሯን ይዛ ወጣች። እኔ ተከተልኋት።

ድልድዩ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፣ አላማተበችም፤ በቤቷ ጓዳ እንደምትመላለስ ሴት ዝም ብላ አለፈች። መሐል ላይ ስደርስ እኔ ቁልቁል አየሁ። ውሃው ከሥር እንደ አምናው ይጮኻል፣ ይገለባበጣል። የሚሰማው ግን የለም። «እማ!» አልሁ ከኋላዋ፣ «አሸነፍሽው!» ዝናቡ ድምፄን ዋጠው፤ ዞር አላለችም።

ሊመሽ ሲል ከወዲያ ማዶ ጎጆ እልልታ ተሰማ። ወንድ ነው። አያ ቸኮለ ተስፋው አሉት።

አዎ፣ ያው ተስፋው። ጣራ ለጣራ የሚዞረው። እናቴ ስታየው እስካሁን «አንተ የድልድይ ልጅ፣ ከላይ አትውደቅብኝ» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። ዋዝላ ላይ አሁን ከበላይ በኩል መኪና የሚያሻግር ሰፊ ድልድይ ተሠርቷል፤ ሰውና ከብት ግን ዛሬም በእኛው ነው የሚያልፈው።

ባለፈው ሳምንት ዲሹን አስተካክሎ ሲጨርስ «እትዬ፣ ካልተውሽኝ ስልኬ ላይ የድልድዩን ነገር ፈልጌ መጨረሻውን ላሳይሽ» አለኝ።

«ተወው» አልሁት። «መጨረሻውን እኔ አውቀዋለሁ። የምጨነቀው ለእነሱ ነው። ያን ሽማግሌ አባረው፣ ኮርቻውን ማን አወጣላቸው?»

«አላወጡት ይሆናላ!»

«እንግዲህ ካቃታቸው ይምጡ። ዋዝላ ሥር ተንጋለው ይዩት። የሚያነጥፉትን ጋቢ እኛ እናውሳቸዋለን።»